ወፍ ቈጥሮ አገርን ስለ ማወቅ

አስተዋይ ባለቤት ማታ ከብቱ ወደ በረት ሲገባ ይቈጥራል፤ እህሉን ወደ ጎተራ ሲያስገባ ይሰፍራል፤ የሰጠውንና የተቀበለውን ገንዘብ በመዝገብ ይጽፋል። ይህን ማድረጉ ከስስት የተነሣ አይደለም። የጐደለውን ያላወቀ ሰው የጐደለበትን ምክንያት ሊፈልግ፥ ምክንያቱንም ያላገኘ ሰው ጥፋቱን ሊያቆም እንደማይችል ስለሚረዳ ነው። የግል ሀብት እንዲህ በጥንቃቄ ሲቈጠር የጋራ ሀብታችን ግን፥ ይኸውም ውሃው፥ ሣሩ፥ ደኑና በእነዚህ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ፥ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ሳይቈጠር ይኖራል። ካለቀ በኋላ «ዱሮ እጅግ ብዙ ነበር» ይባላል፤ ነገር ግን ብዙ የተባለው ስንት እንደ ነበረ፥ መጕደል የጀመረውም በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ መዝገብ ገልጦ የሚያሳይ ሰው አይገኝም።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንጽፍ ያሰብነው፥ ደመወዝ ሳይቀበሉ በገዛ ፈቃዳቸው በየዓመቱ በጥር ወር ማለዳ ተነሥተው ወደ ሐይቅና ወደ ረግረግ እየወረዱ ወፎችን ስለሚቈጥሩ ሰዎችና ከሥራቸው ስለሚገኘው ዕውቀት ነው። ነገሩ ለሰሚው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። የሰማይን ወፍ ማን ይቈጥራል፥ ቢቈጠርስ ለማን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩን እስከ ሥሩ ስንመረምረው፥ በተለይ ለደቡብ ጎንደር ሰዎች፥ ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ ጣና ዳር ያለው ውሃና መሬት በምን ሁኔታ እንዳለ ከሚነግሩን ምስክሮች ሁሉ ወጪው አነስተኛ፥ ቃሉም የታመነ የሆነው ይህ የወፍ ቈጠራ ሆኖ እናገኘዋለን።

የዚህ ሥራ አጀማመር ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲያደርግ እንለምናለን።) በሰሜን አሜሪካ በገና በዓል ሰሞን ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ጠመንጃ ይዘው ወደ ዱር ይወጡና ያገኙትን ወፍና አውሬ ሁሉ ሲገድሉ ይውሉ ነበር። ማታ ሬሳው ተቈጥሮ ብዙ የገደለው ወገን አሸናፊ ይባላል። ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የወፎች ሊቅ ይህ ልማድ ስላሳዘነው በ1900 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ አቀረበ። ውድድሩ አይቅር፥ ወደ ዱር መውጣቱም አይቅር፤ ነገር ግን ወፉ ሳይገደል በሕይወቱ እንዳለ ይቈጠር አለ። በዚያ ዓመት በገና ዕለት 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች ወጥተው 90 ያህል ዐይነት ወፎችን ቈጠሩ። የጠመንጃው እርሳስ ቀርቶ የጽሕፈት እርሳስ ሥራውን ያዘ ማለት ነው። ያ ቈጠራ እስካሁን ድረስ አልተቋረጠም፤ ዛሬ በየዓመቱ የሚወጡት ሰዎች በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ናቸው።

በእኛም አገር የወፎች ትምህርት በጠመንጃ የተጀመረ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1832 እና በ1833 ዓ.ም. በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ተቀምጦ የአራዊትንና የአዕዋፍን ቆዳ እየሰበሰበ ወደ አገሩ ወስዶአል። በደጋው ሰማይ በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈውን ጋጋኖ፥ ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን የደጋ ዝይ፥ ምንቃሩ ወፍራም የሆነውን ትልቁን ቁራ በሳይንስ መጽሐፍ ጽፎ ለዓለም ያስታወቀው እርሱ ነው። የደጋው ገበሬ እነዚህን ወፎች ከሩፔል በፊት ያውቃቸው እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ሩፔል የጻፈው ግን የዐይነታቸውን ነገር እንጂ የቍጥራቸውን ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን በጣና ዳር በአንድ ማለዳ ስንት ዝይ ይታይ እንደ ነበረ የሚነግረን የለም። ዛሬ «ቀነሰ» ወይም «በዛ» ብንል የምናስተያይበት የጥንት ልክ የጠፋን ስለዚህ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የውሃ ወፎች ቈጠራ ነው። ሥራው በ1967 ዓ.ም. በአውሮፓና በአካባቢው ተጀምሮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አፍሪቃ ተስፋፋ፤ ዛሬ ከ100 በላይ የሆኑ አገሮች ይካፈሉበታል። በየአገሩ የተሰበሰበውን ቍጥር አንድ ላይ የሚያቀናጀው ዌትላንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች ዕውቀትና ጥበቃ ብዙ ደክሞአል። ማኅበሩ በ1996 ዓ.ም. ባሳተመው ዝርዝር ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ያላቸውን 69 የአገራችንን ቦታዎች አስታውቆአል። ከእነዚህም አንዱ የፎገራ ሜዳ ነው።

ለቈጠራው የጥር ወር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር በአውሮፓ የብርዱ ወራት እኩሌታ ነው፤ በእኛ ግን ሰማዩ የጠራበት፥ ጥምቀት የሚከበርበት የበጋ ወር ነው። በሰሜን አገር ውሃው በረዶ ሲሆን ወፎቹ የሚበሉትን ስለሚያጡ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ። በመስከረምና በጥቅምት ገና መንገደኞች ናቸው፤ በመጋቢት ደግሞ ለመመለስ ይነሣሉ። በመንገድ ላይ ያለ መንገደኛ ሲቈጠር ዛሬ በአንዱ ቦታ፥ ነገ በሌላው እየታየ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። በጥር ግን ሁሉም ወደየማረፊያው ገብቶ ረግቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ተቈጥሮ ሲደመር አንዱ ዐይነት ወፍ በጠቅላላው ስንት እንደ ሆነ ወደ እውነት የቀረበ ግምት ይገኛል። አንድ ረግረግ ከአንድ ዐይነት የውሃ ወፍ ጠቅላላ ቍጥር ከመቶው አንዱን እጅ ዘወትር የሚያስጠጋ ከሆነ በዓለም ደረጃ የሚጠበቅ ቦታ ሊባል ይገባዋል የሚለው የታወቀ ደንብ የሚሠራው በዚሁ ድምር ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር እንመለስ። የደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ተቀምጣለች። በአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ከ4100 ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚህ ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው የፎገራን ሜዳ ካጠጡ በኋላ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ቀስ በቀስ እየሸሸ ጥልቀት የሌላቸውን ረግረጎች ትቶ ይሄዳል፤ ከእነዚህ በይበልጥ የታወቁት ሸሸርና ወላላ ናቸው። እንግዲህ በፎገራ የሚታየው ውሃ የጉና ውሃ ነው፤ በፎገራ የሚተኛውም ደለል ከጉናና ከደብረ ታቦር ዙሪያ ተዳፋት የተጠረገው አፈር ነው። በላይ የሚኖረውና በታች የሚኖረው ሰው ባይተዋወቁም እንኳ በእነዚህ ሁለት ወንዞች የተሳሰሩ ጎረቤቶች ናቸው።

በፎገራና በጣና ዙሪያ በበጋ ከሚታዩት ወፎች ሁሉ ዐይን የሚስበው በፈረንጅ አጠራር ክሬን የሚባለው ነው። እግሩና አንገቱ ረጅም፥ መልኩ ግራጫ፥ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወፍ ነው። በሰሜን አውሮፓ በረግረግ ውስጥ ይፈለፈላል። ሊቃውንት በፊንላንድና በኤስቶንያ በጫጩቶች እግር ላይ የቀለም ቀለበት፥ በአንዳንዶቹም ላይ በሳተላይት የሚከተሉት መሣሪያ አድርገው መንገዳቸውን በመረመሩ ጊዜ፥ ከእነዚህ ወፎች ከፊሎቹ ከ5000 ኪሎ ሜትር የበለጠ መንገድ በርረው ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመጡ ተረጋግጦአል። በጣና ዙሪያ በተደረገው ቈጠራ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ከእነርሱ ጋር ከአገር የማይወጡ ሁለት ዘመዶቻቸው አሉ። አንደኛው በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ጥቁሩ ባለዘውድ ክሬን ነው። ሁለተኛው ከጉንጩ በታች እንደ ጉትቻ የተንጠለጠለ ሥጋ ያለው ትልቁ ክሬን ነው፤ የዚህ ቍጥር በመላው ኢትዮጵያ ከጥቂት መቶዎች የማያልፍ ስለ ሆነ የአንዱ ጥንድ መጥፋት እንኳ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

የሚቈጠሩትም እንዲህ ነው። ክሬን ቀን በተሰበሰበ ማሳ ላይ እየዞረ የወደቀውን ፍሬ ሲለቅም ይውላል፤ ማታ ግን ጅብና ቀበሮ እንዳይደርስበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ ቈጣሪዎቹ ገና ሳይነጋ ወደ ማደሪያው ቀርበው ይቀመጣሉ። ፀሐይ ስትወጣ መንጋው እየተከታተለ ሲነሣ እያንዳንዱን ሰልፍ ይቈጥራሉ። መንጋው እጅግ የበዛ እንደ ሆነ በመጀመሪያ 100 ወፎችን በትክክል ይቈጥሩና የያዙትን ስፋት በዐይናቸው ለክተው፥ ያ ስፋት በቀረው መንጋ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይገምታሉ። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻቸው ቈጥረው በኋላ ያስተያያሉ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የቦታውን ስም፥ የአየሩን ሁኔታ፥ የቈጣሪውን ስም ይጽፋሉ። መሣሪያው መነጽር፥ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በሚመጣው ዓመት በዚያው ወር፥ በዚያው ሰዓት፥ ከዚያው ጕብታ ላይ ተቀምጠው እንደገና ይቈጥራሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ሳይሆን እውነተኛነት ነው። ቈጣሪ ብዙ መንገድ ተጕዞ አንድም ወፍ ሳያይ የተመለሰ እንደ ሆነ ደብተሩን ባዶ ትቶ መሄድ ይቃጣዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሄዶ ያላገኘ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ዜሮ መጻፍ አለበት፤ ያ ዜሮ ለሊቅ ከሺሕ ወፍ የማያንስ ነገር ይነግረዋልና። ያልሄደ ሰው ደግሞ ዜሮ ሊጽፍ አይገባውም፤ «አልተቈጠረም» ይበል እንጂ። በአማራ ክልል ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በየሜዳው መዘዋወር አስቸጋሪ ሆኖአል። ሰው ሊደርስበት ያልቻለ ቦታ በመዝገቡ ላይ ክፍት ሆኖ መቈየት አለበት እንጂ በግምት ሊሞላ አይገባውም። ዜሮና ክፍት ቦታ የተምታቱበት መዝገብ ከሌለው መዝገብ ይልቅ ያሳስታል።

ከተቈጠረ በኋላ ደግሞ ቍጥሩን አንብቦ መረዳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ የማያውቅ ሰው በሦስት ነገር ሊሳሳት ይችላል። አንደኛ፥ የአንድ ዓመት ቍጥር ብቻውን ምንም አያስረዳም። ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው በየቦታው ስለሚገኝ ወፎቹ ይበታተናሉ፤ በአንድ ቦታ የታዩት ማነሳቸው ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፥ አሥር ሰዎች የቈጠሩትን ሁለት ሰዎች ከቈጠሩት ጋር ማስተያየት አይገባም፤ ዐይን በበዛ መጠን የሚታየው ወፍ ይበዛልና። ስለዚህ ምን ያህል ሰው ስንት ሰዓት እንደ ቈጠረ አብሮ ይጻፋል። ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው፥ ቍጥር ሲጨምር ሁልጊዜ ደስ ሊያሰኝ የማይገባው መሆኑ ነው። በዙሪያው ያሉት አምስት ረግረጎች ሲደርቁ በአምስቱ ተከፋፍለው ያድሩ የነበሩት ወፎች በቀረው በስድስተኛው ላይ ይከማቻሉ። የስድስተኛውን ረግረግ ብቻ የሚቈጥር ሰው «ወፉ በዛ» ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱ ግን የአምስቱ መጥፋት ነው። ስለዚህ ትልቁን ቦታ ብቻ ሳይሆን ትንንሾቹንም፥ የደረቁትንም ጭምር፥ በየዓመቱ መጎብኘት ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለፎገራ ሩቅ ምሳሌ አይደለም። ከ1987 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ የሸሸር ረግረግ ከነበረው ስፋት ከአሥር እጅ ዘጠኙን እንዳጣ፥ ወላላም ወደ እኩሌታ እንደ ቀነሰ የአገራችን የዓሣ ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ጽፈዋል። እነዚህ ሊቃውንት የመጡት ወፍ ፈልገው አልነበረም፤ ዓሣ ሊመረምሩ ነበር። ያገኙትም አምባዛ የተባለው ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ በእነዚህ ረግረጎች ውስጥ እንደሚራባ ነው። እንግዲህ ነገሩን አገናኝቶ ማየት ይገባል። ክሬኑ የሚያድርበት ውሃ፥ አምባዛው የሚራባበት ውሃ፥ በበጋ የፎገራ ከብት የሚጠጣውና ለምለም ሣር የሚያበቅልለት ውሃ አንድ ነው። ወፉ ማደሪያ አጥቶ ሲሄድ በሩቅ ይታያል፤ የዓሣው ዘር ሲያልቅ ግን በውሃ ውስጥ ስለ ሆነ አይታይም። ለዚህ ነው ወፍ ምስክር የሚባለው፤ ሌላው ተሰውሮ የሚደርስበትን እርሱ በአደባባይ ያሳያልና።

ረግረጉ የቀነሰበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ገበሬው ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ውሃ መሳቢያ ሞተር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የቀረውን ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት ያለማበታል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የገባው ሩዝ ሜዳውን በሰፊው ይዞታል። በጣና ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ጥልቀት የሌለውን ውሃ እየሸፈነ ለዓሣ አጥማጁም ለወፉም መንገድ ዘግቶአል። በዚህ ሁሉ ገበሬውን ብቻ ወቃሽ መሆን ፍርድ አይሆንም። ብዙ ልጆች ያሉት፥ መሬቱም የጠበበው ሰው በደጁ ያለውን እርጥብ አፈር ሳያርስ እንዲቀመጥ መጠበቅ አይቻልም። ፎገራ የአገር ሩዝ ጎተራ መሆኑም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የመጨረሻው ውሃ በሞተር ተስቦ ያለቀ ዕለት የሚጐዳው ወፉ ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው ዓመት ያው ገበሬ ራሱ የሚስበው ውሃ ያጣል። ቈጠራው ገበሬውን ለመክሰስ የሚቀርብ ማስረጃ ሳይሆን፥ ምን ያህል ቢታረስ፥ ምን ያህልስ ቢተው ለሁሉም እንደሚበጅ ለመመካከር የሚረዳ ሚዛን ነው።

ምክርም ከተገኘ ጥፋት የማይመለስ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ሊቃውንት የገናውን ቈጠራና ሌሎችንም የፈቃደኞች መዝገቦች አስተያይተው በ2019 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ክፍለ ዓለም ከነበሩት ወፎች ከአራት አንድ እጅ የሚበልጠው፥ ይኸውም ወደ 3 ቢልዮን የሚጠጋው ጠፍቶአል። ቁራና ድንቢጥ የሚያይ ሰው በየቀኑ ስለሚያያቸው መጕደላቸውን ሳያውቅ ይኖራል፤ መጕደሉን የገለጠው መዝገቡ ነው። በዚያው መዝገብ ላይ ግን ዳክዬና ዝይ በዝተው ተገኝተዋል። ምክንያቱም አዳኞችና መንግሥታት ብዙ ገንዘብ አውጥተው ረግረጎችን ስላስጠበቁላቸው ነው። አንዱ መዝገብ ጥፋትንም ልማትንም እኩል መስክሮአል ማለት ነው። በእኛም በኩል የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2015 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም የሕይወት ሀብት ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቦአል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ስም ብቻውን ውሃ አያቈይም። ጥበቃው እውነተኛ ፍሬ ማፍራቱን የምናውቀው በየጥሩ የሚጻፈውን ቍጥር እየገለጥን ስናይ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቈላማው ሜዳ ነው። በደብረ ታቦር ለሚኖረው ሰው ግን ቈጠራ ወደ ጣና መውረድ ብቻ እንዳይመስለው። በደቡብ ጎንደር ደጋ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ደኖች የጥንቱ ጫካ ቅሬታዎች ናቸው። በልብ ወለድ መጻሕፍታቸው ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የእነዚህን ደኖች ዛፎች መርምረው ጽፈዋል፤ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ጋርም በመተባበር ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ደክመዋል። ካህናቱና ምእመናኑ ድንጋዩን ከየማሳው እየለቀሙ አጥሩን ሠርተዋል። ካብ ከታጠረ በኋላ በውስጡ ያለው ችግኝ ቢያድግ፥ ከችግኙም ጋር የጫካው ወፍ ቢመለስ ይህን የሚያውቀው ማነው? አጥር ከመታጠሩ በፊትና ከታጠረ በኋላ በየዓመቱ አንድ ማለዳ ተቀምጦ የሰማውንና ያየውን ወፍ የሚጽፍ ሰው ነው። ለዚህ ከዚያው ደብር ተማሪ የተሻለ ቈጣሪ ከሩቅ አይመጣም።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው ተቸግሮ ሳለ ስለ ወፍ መጨነቅ ምን ይባላል የሚሉ አሉ። ክሬን ማሳ ላይ ወርዶ ሽምብራና ጓያ ሲለቅም የሚያይ ገበሬም «ይህ እንግዳ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ገበሬውን በመገሠጽ አይገኝም። ወፉ በየትኛው ሳምንት፥ በየትኛው ማሳ ላይ፥ ስንት ሆኖ እንደሚወርድ የሚታወቀው ሲቈጠር ነው፤ ይህ ከታወቀ ከአዝመራው የትኛው አስቀድሞ መሰብሰብ እንዳለበት፥ የትኛው ማሳ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው መምከር ይቻላል። ከዚህም ሌላ ክሬን ከሰሜን ስንት ቀን ዘግይቶ እንደ መጣ፥ ረግረጉም በየትኛው ወር እንደ ደረቀ ገበሬው ከማንም አስቀድሞ ያያል። ይህ ዕውቀት በቃል ሲነገር ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ ይለወጣል፤ በቀንና በቍጥር ሲጻፍ ግን ለማኅበሩም፥ ለዩኒቨርሲቲውም፥ ለወረዳውም ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው በቈጠራው ውስጥ ተመልካች ሳይሆን ዋና ቈጣሪ ሊሆን ይገባዋል።

እናንተ የደብረ ታቦርና የወረታ መምህራንና ተማሪዎች፥ እናንተም የደብረ ታቦርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ወጣቶች፥ ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ እናንተን ይጠራል። ትልቅ ገንዘብና የሩቅ አገር መሣሪያ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ይምረጥ፤ አንዱ በጉና ግርጌ ያለ ረግረግ፥ ሌላው የአንድ ደብር ደን፥ ሌላው የጉማራን ወይም የርብን አንድ ዳር ይያዝ። ሰላም በሆነበትና ወላጅ በፈቀደበት ቦታ፥ በጥር አንድ ቀን ማለዳ፥ መምህሩና ጥቂት ተማሪዎች ይውጡ። በመጀመሪያው ዓመት የወፎቹን ሁሉ ስም የማያውቁ ቢሆኑ አይፈሩ፤ በደንብ የሚያውቋቸውን አምስት ዐይነት ብቻ ቢቈጥሩ ይበቃል። ደብተሩ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ እንዳይጠፋ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ግልባጩም ቈጠራውን ለሚያቀናጀው ማኅበር ይላክ። መምህሩ ቢዛወር አዲሱ መምህር ይቀበለው፤ ተማሪው ቢመረቅ ታናሹ ይተካው። የዚህ ሥራ ጥቅም የሚታየው በአንድ ዓመት ሳይሆን በአሥረኛውና በሃያኛው ዓመት ነውና መተካካቱ ከመጀመሩ ይልቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ በሸሸርና በወላላ፥ በጉናና በየደብሩ ደን ስንት ወፍ እንዳለ ጽፈን ብናስቀምጥ፥ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች አገራቸው ስትለማም ሆነ ስትጐዳ የሚያስተያዩበትን ልክ ያገኛሉ። እኛ ከአባቶቻችን ይህን መዝገብ ባለመቀበላችን ምን ያህል እንደ ጐደለን ለማወቅ ተቸግረናል። ለልጆቻችን ይህን ችግር እንዳናወርስ በሚመጣው ጥር ደብተርና እርሳስ ይዞ መውጣት የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።